ስለ መገጣጠሚያ ሕመም የጡረታ ጥያቄው ውድቅ የሆነበት የቀድሞ ወታደር ይግባኝ

ሞያሌ በወሰን ላይ የተቆረቆረች፣ የወታደር ዱካ ያልተለያት ከተማ ናት። በኬንያ በኩል ባለው ምሽግ የነበረው ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ የተባለው የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ጦር በኢጣልያኖች ተከቦ ከቆየ በኋላ በሐምሌ ወር 1932 ዓ.ም. በሌሊት ለቆ ወጥቷል። ከዚያም ወዲህ በወሰኑ ግራና ቀኝ ብዙ ሰው በውትድርና አገልግሏል። ስለዚህ ጉልበቱ ወይም ወገቡ የታመመ የቀድሞ ወታደር መብቱን የሚጠይቅበትን መንገድ ማወቅ ይጠቅመዋል።

በመጀመሪያ፣ መብቱ የሚመነጨው ከመኖሪያው ሳይሆን ካገለገለበት ሠራዊት ነው። ለኬንያ ሠራዊት ያገለገለ በኬንያ ሕግ፣ ለኢትዮጵያ ያገለገለም በኢትዮጵያ ሕግ ይጠይቃል። ዛሬ ቤቱ ከወሰኑ ማዶ መሆኑ ይህን አይለውጠውም።

ሁለተኛ፣ ሕመሙ በአገልግሎት ምክንያት የመጣ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጭብጥ ብዙ ነገር ይወስናል። በኢትዮጵያ የ2003 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 714 መሠረት በተራ ሕመም ከሥራ የሚሰናበት ሰው የዘለቄታ አበል የሚያገኘው ቢያንስ 10 ዓመት ካገለገለ ነበር፤ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ግን ይህ የዘመን ልክ አልተጠየቀም። ይህ አዋጅ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 ስለ ተተካ፣ ጠያቂው ጉዳዩ በየትኛው አዋጅ እንደሚዳኝ አስቀድሞ ይለይ።

የመገጣጠሚያ ሕመም ጥያቄ ብዙ ጊዜ ውድቅ የሚሆነው ሕመሙ ተክዶ ሳይሆን «የዕድሜ ነው» ተብሎ ነው። እንዲህ የሚባልበትም ምክንያት አለ። አንድ ጊዜ የተጎዳ ጉልበት ለጊዜው ድኖ፣ አጥንትን ከአጥንት የሚለየው ለስላሳ ሽፋን ቀስ በቀስ እየተበላ ከብዙ ዓመት በኋላ ሊታመም ይችላል። በመጀመሪያ የተነሣ ራጅም ጉዳቱን ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ «ያመኛል» ብሎ መድገም ብቻ ይግባኝ አይሆንም፤ ይግባኙ ውሳኔው የሰጠውን ምክንያት ነጥብ በነጥብ ሊመልስ ይገባል።

ለዚህም ሦስት ማስረጃዎች ይጠቅማሉ። አንደኛው ጉዳቱ የደረሰበትን ቀንና ቦታ የሚያሳይ የአገልግሎት ወይም የሕክምና ጽሑፍ፣ ወይም አብሮ ያገለገለ ሰው ምስክርነት ነው። ሁለተኛው ከዚያ ቀን ወዲህ ሕመሙ እንዳልተቋረጠ የሚገልጽ የሕክምና መዝገብ ነው። ሦስተኛው ሐኪሙ የዛሬውን ሕመም ከቀድሞው ጉዳት ጋር የሚያገናኝበትን ምክንያት ዘርዝሮ የጻፈው አስተያየት ነው። መገጣጠሚያው ምን ያህል እንደሚታጠፍና እንደሚዘረጋ በልክ ቢጻፍ ማስረጃውን ያጠነክረዋል።

በአሜሪካም ከየካቲት 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ጥያቄው ውድቅ የሆነበት የቀድሞ ወታደር ሦስት መንገዶች አሉት፤ እነርሱም አዲስ ማስረጃ ማቅረብ፣ በከፍተኛ መርማሪ ማስመርመርና ለይግባኝ ቦርድ ማመልከት ናቸው። በዚያ የመጀመሪያውን መርምሮ የሚሻ አዲስ ማስረጃ ሊጨምር አይችልም ማለት በሁለተኛው መንገድ ነው፤ ስለዚህ ወረቀት የጎደለው ሰው የፊተኛውን ይመርጣል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ የጎደለው ማስረጃ ነው ወይስ ስሕተቱ የውሳኔ ሰጪው ነው የሚለውን ከይግባኝ በፊት መለየት እንደሚገባ ነው።

የይግባኝ ጊዜ የተወሰነ ስለ ሆነ፣ የውሳኔው ደብዳቤ የደረሰበት ቀን በደብዳቤው ላይ ይጻፍ፤ የማመልከቻውም ግልባጭ ይቀመጥ። የአካባቢው ሹማምንትም የምስክርነት ጽሑፍ የሚሻውን ሽማግሌ በቀጠሮ ባያመላልሱት የይግባኙ ቀን አያልፍበትም።