ጠባብ ቫልቭ ይዞ የተወለደ ልጅ

ከ1,000 አራሶች ስምንት ወይም ዘጠኝ ያህሉ የልብ እክል ይዘው ይወለዳሉ። አብዛኛው ቀላል ነው፤ አንዳንዱ ክፍተት ያለ ሕክምና በራሱ ጊዜ ይደፈናል። እዚህ የማነሣው ግን እምብዛም የማያጋጥመውን፣ ከሁሉም ይልቅ አታላይ የሆነውን ነው፦ ደም ከልብ ወደ ሳንባ ወይም ወደ ቀረው ሰውነት የሚወጣበት ቫልቭ ክፉኛ ጠቦ ሲፈጠር።

ፅንስ በማኅፀን ሳለ በሳንባው ስለማይተነፍስ፣ የሳንባውን የደም ሥር አኦርታ ከሚባለው ዋና የደም ሥር ጋር የሚያገናኝ አጭር ቱቦ አለው። ከተወለደ በኋላ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ይዘጋል። ለጤነኛ ልጅ ይህ ምንም አይደለም። ቫልቩ ለጠበበበት ልጅ ግን ደሙ ዞሮ የሚያልፍበት መንገዱ እሱ ነው። ቱቦው ክፍት እስከሆነ ድረስ ልጁ ይጠባል፣ ያለቅሳል፤ ጉድለት ያለበት አይመስልም። ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ገንፎ በሚቀምስበት ሰሞን ቱቦው መጥበብ ይጀምራል።

የጠበበው የሳንባው ቫልቭ ከሆነ ልጁ ይጠቁራል። በእኛ የቆዳ ቀለም ይህ ፊት ላይ በቀላሉ አይለይም፤ ምላሱንና ድዱን እዩ። የአኦርታው ከሆነ ይገረጣል፣ እጅ እግሩ ይቀዘቅዛል፣ ሽንቱ ይቀንሳል፤ በሰዓታት ውስጥም ሊዝል ይችላል። ጡት ጀምሮ ማቋረጥ፣ ሲጠባ ግንባሩን ማላብ፣ ተኝቶ ሳለ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ መተንፈስ የጋራ ምልክቶች ናቸው። «ብርድ መትቶት ነው»፣ «ዓይን ነው» እየተባለ የሚያልፈው ጊዜ የልጁ ዕድሜ ነው።

አንዳንዴ ጥበቱ አንድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 በተገለጸው የሾን እክል በልብ ግራ በኩል እስከ አራት ቦታ ይጠባል፤ ስለዚህ አንዱን ያገኘ ሐኪም ሌሎቹንም በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) መፈለግ አለበት።

የቫልቭ ጥበት ሕክምና አለው። ፕሮስታግላንዲን የተባለ መድኃኒት በደም ሥር ሲሰጥ ቱቦውን ከፍቶ ያቆያል፤ ትንፋሽ ሊያቋርጥ ስለሚችል ግን የቅርብ ክትትል ይፈልጋል። ከዚያ በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ ወደ ልብ ገብቶ፣ ጫፉ ላይ ያለው ፊኛ ተነፍቶ ቫልቩን ያሰፋዋል። ዶክተር ጂን ካንና ባልደረቦቿ ደረት ሳይከፈት የሳንባ ቫልቭን በፊኛ ማስፋት እንደሚቻል በአሜሪካ ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። በአገራችንም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል አለ።

ችግሩን ቀድሞ ለማወቅ የሚደረገው ምርመራ ቀላል ነው፤ መርፌ የለውም። ከተወለደ 24 ሰዓት ሲሆነው ኦክስጅኑ በቀኝ እጁና በአንድ እግሩ ይለካል። ከ90 በመቶ በታች ከሆነ ወዲያውኑ ሐኪም ይየው፤ ከሁለቱ በአንዱም ቦታ ቢሆን ከ95 በታች ከሆነ ወይም የእጁና የእግሩ ልዩነት ከ3 ከበለጠ ይደገም። አሜሪካ ይህን ለአራስ ሁሉ ከሚመከሩት ምርመራዎች ያስገባችው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የአኦርታ ጥበት አንዳንዴ ያመልጠዋልና የብሽሽቱ የደም ምትም በእጅ ይዳሰስ።

እናቴ፣ ከጤና ተቋሙ ከመውጣትሽ በፊት «የልጄ ኦክስጅን በእጁም በእግሩም ይለካልኝ» በይ።