የሰውነት ክብደት ለምን ይጨምራል?

አንድ ሰው ሲወፍር ጎረቤቱ «ተመችቶታል» ይላል፤ ያልወደደው ደግሞ «ሆዳም ነው» ይለዋል። የሰበካ ጉባኤ አባላትና ካህናት ሁለቱንም ፍርዶች በየዕለቱ ይሰማሉ። ጉዳዩ ግን ከሁለቱም ይሰፋል።

ሰውነት ከምግብ ያገኘው ኃይል ከሚያወጣው ሲበልጥ ትርፉን በስብ መልክ ያከማቻል። ኃይሉ የሚለካው በኪሎ ካሎሪ ነው። አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ወይም ፕሮቲን 4 ኪሎ ካሎሪ ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ስብ 9 ይሰጣል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን ወደ 120 ይጠጋል። በጾም ወራት «ሥጋና ቅቤ ትቼ ወፈርሁ» የሚሉ ምእመናን የሚደነቁት ይህን ስለማያስተውሉ ነው። ዘይቱ በሽሮው ላይ ሲንቆረቆር፣ እንጀራው ሲደራረብ፣ ሻዩም በስኳር ሲጣፍጥ ሒሳቡ ይገለበጣል። ለጾሙ መንፈሳዊ ዓላማም ቢሆን የተትረፈረፈ ማዕድ እንግዳ ነው።

ብዙም የማይነገርለት ሌላው ምክንያት መድኃኒት ነው። ፕሬድኒሶሎን የምግብ ፍላጎትን ይጨምራል፤ ውኃና ጨውም በሰውነት ውስጥ እንዲቀር ያደርጋል። ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዘው ኦላንዛፒን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮኤት፣ ለስኳር ሕመም የሚወሰዱት ኢንሱሊንና ግሊቤንክላሚድ ክብደት ሊጨምሩ ይችላሉ። ዶሉቴግራቪር ያለበትን የኤችአይቪ መድኃኒት ከሚወስዱትም አንዳንዶቹ፣ ይልቁንም ሴቶች፣ ይወፍራሉ።

አደጋው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። «አወፈረኝ» ብላ መድኃኒቷን ያቋረጠች እናት ከሐኪሙ አስቀድማ የምትነግረው ለንስሐ አባቷ ሊሆን ይችላል። ፕሬድኒሶሎንን ለሳምንታት የወሰደ ሰው በድንገት ቢተወው፣ ሰውነቱ የራሱን ተመሳሳይ ንጥረ ነገር ማመንጨት ስለሚያቅተው የደም ግፊቱ እስከ ሞት በሚያደርስ መጠን ሊወርድ ይችላል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሲቋረጥ ሕመሙ ይበረታል፤ የኤችአይቪ መድኃኒት ሲቋረጥ ቫይረሱ ይባዛል። ስለዚህ ካህኑ «ልጄ፣ አታቋርጪ፤ ስለ ውፍረቱ ግን ለሐኪምሽ ንገሪ» ቢላት ሕይወቷን ይታደጋል። ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ ወይም መድኃኒቱን ሊቀይር ይችላል፤ ለምሳሌ ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒት አያወፍርም።

ውፍረት የሚመስል እብጠትም አለ። ክብደት በጥቂት ቀናት ውስጥ ከጨመረ፣ እግር በጣት ሲጫኑት ከጎደጎደ፣ በጀርባ ሲተኙም ትንፋሽ ካጠረ፣ የተጠራቀመው ስብ ሳይሆን ውኃ ነው፤ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው በዕለቱ ወደ ሆስፒታል ማድረስ ይገባል።