ምዕራፍ ሰባት፦ ከመጠጥ ማግስት ቦርሳው ሲጠፋ

ጠዋት ኪሱን ዳብሶ ባዶ ያገኘው ሰው ወዲያው «ማን ወሰደብኝ?» ይላል። የእኔ ምክር ይህን ጥያቄ ቢያንስ እስከ ከሰዓት እንድታቆዩት ነው። ከ«ማን» በፊት «የት» ይቅደም። ብሩ ቢጠፋ ሠርተው ይተኩታል፤ በችኮላ የወጣ ቃል ግን አይመለስም።

ከዱርቤቴ ከተማ ወጣ ብሎ የሚኖር የማውቀው ገበሬ አለ። በጥር ወር በርበሬውን ገበያ አውጥቶ ደህና ዋጋ አገኘ። ብሩን እንደያዘ ከሚዜው ጋር አረቄ ቤት ገባ፤ መሸባቸው፣ ከሚዜው ቤት አደሩ። ሲነጋ ብሩ የለም። «ከአንተ በቀር ማን ነበረ?» አለው፣ የሚዜው ሚስትና ልጆች እየሰሙ። ወሬው ረፋድ ላይ የሁለቱም ወንድሞች ጆሮ ደረሰ፤ ከሰዓት በኋላ ጠመንጃ ከግድግዳ ወረደ። የንስሐ አባታቸው መስቀል ይዘው መሀል ባይገቡ ኖሮ ያ ሰፈር ዛሬም ደም ይመላለስ ነበር። ሰንበት ብሎ የገበሬው ሚስት ባዶውን የበርበሬ ጆንያ ስታራግፍ ብሩ በፌስታል ተጠቅልሎ ወደቀ። ራሱ ነው ከጆንያው ግርጌ የሸሸገው። ሽማግሌ ገብቶ ታረቁ። በሁለቱ ልጆች መካከል ተጀምሮ የነበረው የጋብቻ ነገር ግን ፈርሶ ቀረ።

ሰውዬው አልዋሸም። ሰው ቶሎ ቶሎ ሲጠጣ፣ ይልቁንም በባዶ ሆዱ ከሆነ፣ በደሙ ውስጥ ያለው አልኮል በአንድ ጊዜ ይሻቅባል። ያን ጊዜ ሂፖካምፐስ የሚባለው፣ አዲስ ትዝታ የሚያስቀምጠው የአንጎል ክፍል ሥራውን ያቋርጣል። ጠጪው ግን ያወራል፣ ይጨፍራል፣ ሒሳብ ይከፍላል፣ ቤቱንም ፈልጎ ይገባል። የሠራው ሁሉ መጀመሪያውኑ ስላልተመዘገበ በማግስቱ ቢያስብ ቢያስብ አይመጣለትም። በእኛ አገር ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ውሎ እህል ሳይቀምስ መለኪያ የሚያነሳ ብዙ ነው። ቢራ ከመቶ 5 ገደማ አልኮል ሲኖረው ዳግም አረቄ ከ40 ሊያልፍ ይችላል። በቢራ ልክ አረቄ የሚጠጣ ሰው ሌሊቱን ባያስታውስ አይግረማችሁ። ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ውኃ አልኮሉን ከደም አያስወጣም፤ ጉበት በራሱ ጊዜ ነው የሚያጣራው።

እንግዲህ «እስቲ አስታውስ» እያሉ ራስን ማስጨነቅ ከንቱ ነው። በእጅ ፈልጉ። እኔ እንዳየሁት ገንዘብ የያዘ ሰካራም ከጤነኛው ይበልጥ ይጠነቀቃል፣ ይሸሽጋል። ካልሲ ውስጥ፣ ፍራሽ ሥር፣ የጋቢ ጥለት ውስጥ፣ ጆንያ ውስጥ ፈትሹ። ከዚያ ማታ የሄዳችሁበትን ቤት ሁሉ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ተመለሱበት። ብቻችሁን አትሂዱ፤ አንድ የሚከበር ሰው አስከትሉ። ደጃፍ ላይ «ተሰርቄያለሁ» አትበሉ። «ወድቆብኝ ይሆናል፣ ላገኘልኝ ወሮታ እከፍላለሁ» በሉ። ይህን የሰማ፣ ያነሳውም ቢሆን እንኳ፣ ሳያፍር የሚመልስበት በር ያገኛል።

ከሁሉ የምመርጠው መድኃኒት ግን ከመጠጡ በፊት ያለው ነው፤ አደራ። ወላጆቻችን ብር በመቀነታቸው ቋጥረው፣ ከዚያ የተረፈውን የማይጠጣ ዘመድ ዘንድ አስቀምጠው ነበር ገበያ የሚውሉት። የዛሬው ወጣት ስልኩን፣ መታወቂያውን፣ የባንክ ካርዱንና ደመወዙን በአንድ ኪስ ከቶ ሠርግ ይሄዳል። ሠርግም ይሁን ድግስ፣ የመጀመሪያው መለኪያ ከመቀዳቱ በፊት ከመካከላችሁ የማይጠጣ አንድ ሰው ምረጡ። ለማታው የሚበቃችሁን አስቀሩና የቀረውን ሦስተኛ ሰው ባለበት ጮክ ብላችሁ ቆጥራችሁ አስረክቡ። ሳይቆጠር የተሰጠ አደራ ራሱ የጠብ ምንጭ ነው። አደራውን የያዘውም «ትንሽ ጨምርልኝ» ብትሉት እስኪነጋ እንዳይሰጣችሁ ቀድማችሁ አስጠንቅቁት። ስትሰክሩ ትለምኑታላችሁና። የማይጠጣ ሰው ከጠፋ የቤቱ ባለቤት ኮማሪት ትያዘው። ደንበኛዋን ማጣት የማትፈልግ ሴት ከብዙ ጓደኛ ይልቅ ታማኝ ናት።

ስለ ኮማሪት ካነሳሁ አይቀር፣ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። በየአረቄ ቤቱ ብር ጠፋ ሲባል መጀመሪያ የምትፈተሸው፣ የምትሰደበው፣ አንዳንዴም የምትመታው ከገጠር የመጣችው ቀጂ ልጅ ናት። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም በየመንገዱ ዳር ሌሊቱን ቆማ ስትቀዳ የምታድረው እሷ፣ ሰርቃ ብትሆን እንኳ ማስረጃ ሳይኖር የሚነካት ሰው ወንጀለኛ ነው።

ስልክ ከጠፋ ፍለጋውን ለሌላ ሰው ስጡና በመጀመሪያ በሰው ስልክ 994 ደውላችሁ ሲም ካርዱን አዘጉ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም ከመጣ ወዲህ ስልክ ማለት ካዝና ነው፤ የባንክም መልእክት የሚገባው በዚያው ቁጥር ነው። ቀጥሎ ወደ ባንካችሁ ደውሉ፤ ንግድ ባንክ ከሆነ 951 ነው። የሚስጥር ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፎ ከካርዱ ጋር የሚያኖር ሰው ዛሬውኑ ይቅደደው። መታወቂያ ከጠፋ ለፖሊስ አመልክታችሁ ማስረጃውን ወደ ቀበሌ ውሰዱ።

ጠንቋይ ቤት አትሂዱ። ድሮ ሌባሻይ የሚባል ነገር ነበር። አንድ ብላቴና የሚያደነዝዝ ነገር አጠጥተው ይለቁትና ወድቆ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ስንት ንጹሕ ሰው በዚያ ተዋርዷል! ዛሬ በውኃ አይቶ የሌባ ስም የሚጠራላችሁም ሥራው ከዚያ አይለይም፤ ገንዘብ ተቀብሎ ጎረቤት ያጋጫል።

በመጨረሻ ለሚስታችሁ በዚያው ቀን ንገሩ። ነገሩን ሸሽጎ ጉድለቱን በአራጣ የሚሸፍን አለ። ያ ብር ለማዳበሪያ የታሰበ ከነበረ ዕዳው በክረምት መግቢያ ላይ ይደርስና በሬ ያሸጣል። እሷ ቀድማ ካወቀች ግን ከዕቁቧ ዕጣ ለምና ታወጣለች፣ ወይ ከወንድሟ ያለ ወለድ ትበደራለች።