ጨረር ስብሰባ አይጠብቅም

ልጄ፣ በምርምር ፖሊሲ አማካሪዎች መካከል ልትቀመጪ መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ብልህ ነሽ፤ ግን ትቸኩያለሽ፤ ሰነዱን ሳትጨርሺ ትፈርሚያለሽ። እዚህ ልደታ ኮንዶሚኒየም ብቅ እስክትይ ድረስ ይህችን ምክሬን ያዢልኝ።

1. የጨረር መሣሪያ ሲገዛ የሚደክምበትን ጊዜ አብረሽ ጠይቂ። ኮባልት-60 በ5 ዓመት ከጥቂት ወራት ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል። ያኔ ታማሚው ያንኑ መጠን ለማግኘት እጥፍ ጊዜ ማሽኑ ሥር ይተኛል፤ ወረፋውም ይረዝማል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ነበር፤ ወረፋው ለረዘመበት ሌላ መሄጃ አልነበረም። የመተኪያው በጀት ከግዢው ጋር ካልተጻፈ፣ የሚከፍለው ታማሚው ነው።

2. ሰዓቱን ከመንገዱ ጋር አስተያዪ። ለምርመራ የሚውለው ቴክኒሺየም-99ኤም በ6 ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፤ እርሱን የሚያመነጨው ሞሊብዲነም-99 ደግሞ በ66 ሰዓት ገደማ። ፊርማ ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር የሰነበተ ዕቃ፣ ጉምሩክ ቢለቀውም ባዶ ነው። የፈቃዱን መንገድ ዕቃው ሳይጫን አስጨርሺ።

3. ተቆጣጣሪውን አታዳክሚ። የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 79/1986 የተቋቋመው ሥራ ለማጓተት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1987 በብራዚሏ ጎያንያ፣ በተተወ ክሊኒክ የቀረ ሲዚየም-137 ቁራሌዮ ሰብሳቢዎች እጅ ገብቶ 4 ሰዎች ሞቱ። እንዲያ ያለ ዕቃ ባለቤትና ቁጥር ይኑረው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል።

4. የሌላውን ድል ስትቀጂ መልክዓ ምድሩን እዪ። በዛንዚባሯ ኡንጉጃ ወንድ ቆላ ዝንቦች በጨረር መክነው ተለቀቁ፤ እነሱን ያገኘች ሴት ዝንብ አልወለደችም፤ ደሴቲቱም እ.ኤ.አ. በ1997 ከዝንቡ ነፃ መሆኗ ተነገረ። በእኛም ደቡብ ስምጥ ሸለቆ በዚያው ዓመት ሥራው ተጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የቃሊቲው የዝንብ ማራቢያ ተመረቀ። ነገር ግን ደሴትን ባሕር ያጥራታል፤ ሸለቆውን የሚያጥርለት የለም። በወጥመድና በፀረ ተባይ ብዛቱ ካልተቀነሰ፣ አጎራባቹም ካልጸዳ፣ ዝንቡ ይመለሳል፤ የሚያስተላልፈው የገንዲ በሽታም የገበሬውን በሬ ይጥላል።

5. ባለሙያውን ከማሽኑ አስቀድሚ። አገራችን የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው ኤጀንሲው ከተመሠረተበት እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ነው፤ የሥልጠና በር አልተዘጋብንም። ሰልጥኖ የተመለሰውን የሕክምና ፊዚሲስት ግን ደመወዝና መለዋወጫ ካላቆዩት ይሄዳል። ማሽን በዕርዳታ ይገኛል፤ ሰው ግን በመያዝ ነው።

6. ከስብሰባው በፊት ወረፋ የሚጠብቀውን ሰው አነጋግሪ። በእኛ ብሎክ እንኳ ዘመድ ቤት አርፎ የጨረር ተራ የሚጠብቅ አይጠፋም። እርሱ የሚነግርሽ በሪፖርት አይገኝም፦ ማሽኑ ስንት ቀን እንደቆመ፣ ለአልጋ ስንት እንደከፈለ።

7. ምክርሽ ሲጻፍ ቀን፣ በጀትና ተጠያቂ ሰው ይኑረው። አንዱ ከጎደለ፣ ሚኒስትሩ ቢቸኩሉም አንቺ አትፈርሚ።