የእጅን ምርት ለበላተኛ በቀጥታ መሸጥ፤ ለፎገራ ገበሬዎች የቀረበ ምክር

ሽንኩርት በደረሰ ሰሞን ወረታ መንገድ ዳር ዋጋ የሚቆርጠው አራሹም በላተኛውም አይደለም፤ ደላላው ነው። «ባሕር ዳር ወስጄ ለሚበላው ሰው ራሴ ብሸጥስ፣ ሕግ ይይዘኛል ወይ?» የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ከዚህ ነው። የሸጣችሁት የእጃችሁ ምርት እስከሆነ ድረስ የሚያስፈራ ነገር የለውም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ ከሚያርሰው መሬት ያገኘውን የሚሸጥ ሰው ነጋዴ አይባልም ብሎ ነበር። ምርቱን በተለመደው የገበሬ ወግ አዘጋጅቶ ማቅረብም ነጋዴ አያሰኝም ነበር። ያ ሕግ በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ቢተካም፣ ገበሬ ሩዙንና ቲማቲሙን ገበያ አውጥቶ ሲሸጥ ንግድ ፈቃድ አምጣ ሲባል አናይም። ነገሩ የሚለወጠው የጎረቤትን ምርት ገዝታችሁ ስታተርፉበት ነው። ያኔ ነግዳችኋል፤ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ሽሮና የሩዝ ዱቄት አሽጋችሁ ስም ለጥፋችሁ ለሱቅ ማስረከብ ከጀመራችሁ ደግሞ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይመለከታችኋል፤ ለዚህ ጎረቤት ከጎረቤት በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ መግባት ብቻውን ከሚንገላታ ይሻላል።

በቀጥታ ሲሸጥ በላተኛው ያውቃችኋል። ሲከፋበትም የሚመጣው እናንተው ዘንድ ነው። ስባሪ ሩዝ ከጤፍ ጋር ለእንጀራ የሚፈልገው ሰው ሞልቷል፤ ከሙሉው ጋር አደባልቆ ከመሸጥ ስባሪ ብሎ ለብቻው መሸጥ ያዋጣል። ሚዛናችሁም የታመነ ይሁን፤ ሸማችን በክብደትም ሆነ በጥራት ማታለል በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ያስጠይቃል።

ቲማቲምና ሽንኩርት ላይ ዋናው ጣጣ መርጨት ነው። በጸረ ተባዩ ዕቃ ላይ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይለቀም መቆየት እንዳለበት ተጽፏል። ማንበብ ለማትችሉ ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ። የረጫችሁበትን ቀን በወረቀት ጽፋችሁ ቤት ውስጥ ለጥፉ፤ ገበያ ጥሩ ነው ተብሎ ትናንት የተረጨ ቲማቲም ዛሬ አይለቀምም። ለሌላ ሰብል የተፈቀደ መድኃኒት አትክልት ላይ አይረጭም።

ወተት ግን ከሁሉ ይከብዳል። የጠዋቱን ወተት በጠዋቱ፣ ፀሐይ ሳይከርር አድርሱ። የሚጓዝበት ዕቃ አፈ ሰፊና እጅ የሚያስገባ ይሁን፤ የዘይት ጀሪካን ውስጡ በደንብ አይታጠብም፣ ያደረው ቅሪት አዲሱን ወተት ያበላሻል። በወይራ ማጠን ጥሩ ልማድ ነው፣ ግን ካልታጠበ ዕቃ ላይ ጭስ ዋጋ የለውም። እንገር ከሚሸጥ ወተት ጋር አይቀላቀልም፣ ጡቷ ያበጠ ላም ወተትም እንዲሁ። ላሟ መርፌ ከተወጋች የእንስሳት ሐኪሙን «ወተቷ መቼ ይሸጣል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እሱ ያለው ቀን እስኪደርስ ለሰው አይሰጥም። ለገዢም «አፍልታችሁ ጠጡ» በሉ። ማፍላት የሳንባ ነቀርሳንና ላምን የሚያስወርደውን የብሩሴሎሲስ ተሕዋስ ይገድላል።

ማፍላት የማያድነው አንድ ነገር አለ፤ እሱም የሻጋታ መርዝ፣ አፍላቶክሲን ነው። በ2007 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባና ዙሪያዋ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉም ውስጥ ተገኝቷል፤ ዋነኛ ምንጩም የኑግ ፋጉሎ ነበር። በፎገራ ሜዳ ርብና ጉማራ በሚሞሉበት ክረምት እርጥበቱን ታውቁታላችሁ። ፋጉሎውን ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ አስቀምጡ፤ ብልዝ ያለውን፣ የሻገተ ሽታ ያለውን ለሚታለብ ከብት አትስጡ። ርካሽ ተገኘ ተብሎ የሚገዛ የረጠበ ፋጉሎ ዋጋው በኋላ ይመጣል።

ሩዝ ከታጨደ በኋላ በተረፈው እርጥበት ጓያ የምትዘሩ፣ ሽሮ ስትሸጡ ይህን አስቡ፦ በ1960ዎቹ መጨረሻ በደምቢያና በፎገራ ብዙ ሰው ጓያ ሰብሮታል። በተለይ በችግር ጊዜ፣ ሌላ እህል ሲጠፋና ጓያ የዕለት ምግብ ሲሆን ነው የሚጎዳው። ከአተር ሽሮ ጋር ደብቆ መቀላቀል ግን በየትኛውም ጊዜ ነውር ነው፤ የሚበላው ሰው ስንት ጊዜ እንደሚበላው አያውቅምና። ጓያ ከሆነ ጓያ ነው በሉት።

በዓል ሲደርስ ሥጋ ይነሳል። ቅርጫ ለራስና ለጎረቤት ነው፤ ተከፋፍላችሁ ብትበሉ የእናንተ ጉዳይ ነው። ለሕዝብ ሊሸጥ የታሰበ ከብት ግን ቄራ ይሂድ፣ ሐኪም አይቶ ማህተም ይምታበት። ታሞ የታረደ ወይም የሞተ ከብት ሥጋ ለቅርጫም አይሆንም፤ ቅበሩት።