«አምጪ ላስቀምጥልሽ»፦ ልጆችን የገንዘብን ዋጋና ቁጠባን ስለ ማስተማር

ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ሲደርስ ወንዶች ልጆች ዱላቸውን ይዘው ከደጅ ደጅ እየዞሩ «ሆያ ሆዬ» ይላሉ፤ መስከረም 1 ቀን ደግሞ ተራው የሴቶች ልጆች ነውና አበባቸውን ይዘው በየቤቱ ይዘፍናሉ። ቀድሞ ለቡሄ ጨፋሪዎች የሚሰጠው በአብዛኛው ሙልሙል ዳቦ ነበር፤ ዛሬ በከተማ የሚሰጠው በአብዛኛው ገንዘብ ነው። ልጆቹም ከመካከላቸው ታማኝ ነው ያሉትን ገንዘብ ያዥ አድርገው ይመርጣሉ፤ ሲመሽ ተሰብስበው ይቆጥራሉ፣ ይከፋፈላሉ፣ አንዳንድ ጊዜም ይጣላሉ። ለብዙ ልጆቻችን በራሳቸው ድካም ያገኙት የመጀመሪያው ገንዘብ ይህ ነው። ስለዚህ ልጅን ስለ ገንዘብ ለማስተማር የሚፈልግ ወላጅም ሆነ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ምሳሌውን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገውም። ከቡሄ እስከ እንቁጣጣሽ ያሉት ሦስት ሳምንታት ያህል ለዚህ ትምህርት ከዓመቱ ሁሉ የተሻሉ ናቸው።

ከዚህ በኋላ በቤት ውስጥ የሚሆነውን እንመልከት። አንዲት የ9 ዓመት ልጅ ድርሻዋን በመዳፏ ጨብጣ ወደ ቤት ስትገባ ከእናቷ የምትሰማው ቃል በየሰፈሩ አንድ ዓይነት ነው፤ «አምጪ ላስቀምጥልሽ» የሚል። ልጅቷ አምና ትሰጣለች። እናትም ስትቀበላት በእርግጥ ለማስቀመጥ አስባ ነው። ሆኖም ሳምንቱ ሳያልቅ ዘይት ያልቃል፣ የመብራት ክፍያ ይደርሳል፣ ወይም እንግዳ ይመጣል፤ ያ ገንዘብም ከሌላው የቤት ገንዘብ ጋር ተቀላቅሎ ይሄዳል። ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጅቷ «ገንዘቤስ?» ብላ ብትጠይቅ «የትኛው ገንዘብ? የምትበዪው ከየት የሚመጣ ይመስልሻል?» የሚል መልስ ታገኛለች። ነገሩ በየቤቱ የሚደረግ በመሆኑ ስናነሣው እንስቃለን እንጂ እንደ በደል አንቆጥረውም።

ዳሩ ግን ልጅቷ ከዚህ የምትቀስመው ትምህርት ምንድን ነው? የተቀመጠ ገንዘብ እንደሚጠፋ፣ የራስ የሚሆነው ወዲያው የጠፋው ብቻ እንደ ሆነ ትማራለች። በሚቀጥለው ዓመት ድርሻዋን ከቤት ሳትደርስ በከረሜላና በማስቲካ ትጨርሰዋለች። እኛም «የዛሬ ልጆች የገንዘብ አያያዝ አያውቁም» ብለን እናማርራለን። በእርግጥ ግን ልጅቷ በደንብ ተምራለች፤ ያስተማርናትም እኛው ነን። ስለ ቁጠባ ብዙ የምክር ቃል ከመናገር አስቀድሞ መስተካከል ያለበት ይህ ነው ብለን እናምናለን፤ ልጅ በእጁ የራሱ የሆነ ጥቂት ገንዘብ ሊኖረውና ስለዚያ ገንዘብ የተሰጠው ቃል ሊጠበቅለት ይገባል።

በገጠርም ያለው ከዚህ ብዙ አይለይም። እዚያ የልጅ ሀብት ዶሮ ወይም ጠቦት ነው። «ይህች ዶሮ ያንተ ናት» የተባለ ልጅ ጥሬ እየበተነ ያሳድጋታል፤ እንቁላሏን አስሸጦ እርሳስና ደብተር ይገዛል። ታዲያ እንግዳ ሲመጣ ያለ አንዳች ንግግር የምትታረደው ያችው ዶሮ ከሆነች ልጁ ሌላ ዶሮ ለማሳደግ ልቡ አይነሣሣም።

ችግር ሲመጣስ?

«ቤታችን ተቸግሮ ሳለ የልጅ ገንዘብ ተለይቶ ይቀመጥ ማለት የሀብታም ንግግር ነው» የሚል ወላጅ ይኖራል። አባባሉ እውነትነት አለው። ልጅ የቤተሰቡ አካል ነውና በችግር ጊዜ ቢካፈል ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም ለቤቱ አንድ ነገር ማድረጉን ያወቀ ልጅ የገንዘብን ዋጋ ከማንም በላይ ይረዳል። ክፋቱ ሳይጠየቅ መወሰዱ ላይ ነው። እናት ልጇን አስቀምጣ «ልጄ፣ የዚህ ወር ደመወዝ አልበቃንም፤ ካስቀመጥሽው 100 ብር አበድሪኝ፤ ደመወዝ በወጣ ማግስት እመልስልሻለሁ» ብትላት ልጅቷ ብድር ምን እንደ ሆነ፣ ደመወዝ ወር እስኪሞላ እንደማይደርስ፣ እናቷም እንደምታከብራት በአንድ ጊዜ ትማራለች። ብድሩ በደብተር ይጻፍ፤ በተባለው ቀንም ይመለስ። መመለስ የማይቻል ከሆነ ከመጀመሪያው «ስጦታ አድርጊልን» ማለትና ማመስገን ይሻላል። ተበድሮ ዝም ማለት ግን ልጁም አድጎ ተበድሮ ዝም እንዲል ያስተምረዋል። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለው የአባቶች ተረት ለወላጅም ይሠራልና በጥቂቱም በትልቁም የልጅን ጣሳ መክፈት ልማድ መሆን የለበትም።

ገንዘቡ የሚቀመጥበትን ዕቃ በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ባዶ የወተት ጣሳ ክዳኑ ተቀዶ ይበቃል። ከጣሳው ይልቅ የሚጠቅመው በአጠገቡ ያለው ደብተር ነው፤ የገባው፣ የወጣው፣ ለምን እንደ ወጣ በልጁ በራሱ እጅ ይጻፍበታል። መጻፍ ያልቻለ ሕፃን ወላጁ እየጻፈለት ያያል።

ልጅ «ገንዘብ ለምን ዋጋ አለው?» ብሎ ሲጠይቅ

ይህ የልጆች ጥያቄ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። የ200 ብር ኖትና የማስታወሻ ወረቀት በዓይን ሲታዩ ሁለቱም ወረቀት ናቸው። መምህሩ መልሱን ከአሞሌ ጨው ቢጀምር ልጆች ቶሎ ይረዳሉ። አያቶቻችን ከአፋር ቆላ እየተቆረጠ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው የሚወጣውን አሞሌ እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት ነበር። ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይወደድ ነበር፤ የመንገዱ ድካም በላዩ ይጨመርበታልና። ነገር ግን አሞሌ ዝናብ ሲነካው ይሟሟል፣ ሲወድቅም ይሰበራል፤ ለብዙ ዓመት ለማስቀመጥ የማይመች ገንዘብ ነበር። ከእርሱ ጎን የነበረው ማርትሬዛ የብር ሳንቲም ነው፤ በኦስትሪያዊቱ ንግሥት ምስልና በ1780 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተቀረጸ ሲሆን፣ ንግሥቲቱ ከሞቱ ከመቶ ዓመት በኋላም ያው ዓመት እየተጻፈበት ይመታ ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በፓሪስ ያስቀረጹት የራሳቸው ምስል ያለበት ብር 1887 ዓ.ም. የሚል ተጽፎበታል፤ ሕዝቡ ግን የለመደውን ማርትሬዛ ለረጅም ጊዜ አልተወም። ለምን ቢባል፣ ያምነው ስለ ነበር ነው። የዛሬው ወረቀትም ባለ ሱቁ ነገ ሌላው ይቀበለኛል ብሎ ስለሚያምን ዳቦ ይገዛል። ይህን የተረዳ ልጅ ገንዘብ በሰዎች መካከል ያለ መተማመን መሆኑን ስለሚያውቅ፣ ለምን ማታለል የሁሉም ጉዳት እንደ ሆነ ለማስረዳት መንገዱ ይቀናል።

ዛሬ አዲስ የመጣ ችግርም አለ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ የባንኮችም የስልክ አገልግሎት ከተስፋፋ ወዲህ፣ በከተማ ያለ ልጅ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ የሚያይበት ጊዜ እየቀነሰ ነው። አባት ስልኩን ይነካል፣ ዕቃው ይመጣል። ለሕፃን ዓይን ስልኩ የማያልቅ ምንጭ ይመስላል። ስለዚህ ልጅን ወደ ሱቅ መላክን እንደ ቀላል ነገር አንቁጠረው። 50 ብር ይዞ ሄዶ የ35 ብር ዕቃ ገዝቶ 15 ብር መልስ ቆጥሮ የሚመጣ ልጅ የሂሳብ መምህር የማያስተምረውን ይማራል። ባለ ሱቁ «ዝርዝር የለኝም፣ ማስቲካ ውሰድ» ሲለው በትሕትና «መልሱን ይስጡኝ» ማለትን ቢለማመድም መልካም ነው። ወላጅም መልሱን ተቀብሎ ይቁጠር፤ የጎደለ ካለ ሳይቆጣ ይጠይቅ።

ከአረብ ሀገር ወይም ከሌላ የባዕድ ሀገር አክስት የምትልከው ገንዘብ ለበዓል ልብስ በሚውልበት ቤትም ልጆች ያ ገንዘብ ከማሽን እንደማይወጣ ሊነገራቸው ይገባል። አክስታቸው በሰው ቤት ስንት ሰዓት ቆማ እንደምትውል፣ ለስንት ወር ዘመድ ሳታይ እንደምትቆይ ይወቁ። ይህን ስንነግራቸው ለማስጨነቅ አይደለም፤ ጫማውን ሲያስሩ ማንን ማመስገን እንዳለባቸው እንዲያውቁ ነው።

የተቀመጠ ገንዘብ ሲያንስ

ቁጠባን የምናስተምር ሰዎች ብዙ ጊዜ የምንዘለው አንድ እውነት አለ። በሳምንት 10 ብር የሚያስቀምጥ ልጅ በ52 ሳምንት 520 ብር ይኖረዋል። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ የተመኘው የ500 ብር ቦርሳ በዓመቱ መጨረሻ 650 ብር ሆኖ ቢያገኘውስ? ይህ የፈጠራ ነገር አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. በሀገራችን ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ሆኖ ነበር። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎታል፤ በዚህ ስሌት 500 ብር ዓመት ሙሉ ባንክ ቢቀመጥ የሚያመጣው 35 ብር ነው። ልጁ «ታዲያ ለምን አስቀመጥኩ?» ቢል ትክክለኛ ጥያቄ ጠየቀ እንጂ አልተሳሳተም።

መልሳችንም ቅን መሆን አለበት። ዋጋ በሚንርበት ጊዜ ሕፃናት ለሩቅ ዓመታት ሳይሆን ለሁለትና ለሦስት ወር ዓላማ ቢቆጥቡ ይሻላል፤ ለደብተር፣ ለዩኒፎርም፣ ለጫጩት። ገንዘቡ ሲሞላ ዕቃው ወዲያው ይገዛ። ረዘም ላለ ጊዜ የሚቀመጠው ደግሞ ከጣሳ ይልቅ በወላጅ ወይም በአሳዳጊ አማካይነት በሚከፈት የልጆች የባንክ ሒሳብ ወይም በአካባቢው የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ቢገባ ጉዳቱ ይቀንሳል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲቀየሩ አሮጌዎቹን ለመለወጥ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ብቻ እንደ ነበረ እናስታውሳለን፤ በፍራሽ ሥርና በግድግዳ ስንጥቅ የተደበቀ ገንዘብ ያን ጊዜ ባለቤቱን ምን ያህል እንዳስጨነቀ ያየ አይረሳውም።

ለካቴኪስቶች

በአንድ ክፍል ውስጥ ከእጁ ገንዘብ የማይጠፋ ልጅ፣ ገንዘብ ይዞ የማያውቅ ልጅ፣ ጫማ እየጠረገ ወይም ቆሎ እየሸጠ ታናናሾቹን የሚረዳ ልጅ አብረው ሊቀመጡ ይችላሉ። ስለዚህ «ስንት አስቀመጣችሁ?» ብሎ በጉባኤ መጠየቅ አይገባም። የሊስትሮ ሥራ የሚሠራው ልጅ ስለ ገንዘብ ከመምህሩ የበለጠ ሊያውቅ ይችላል፤ ከእነርሱ መካከል ዕቁብ የሚጥሉም አሉ። ፈቃደኛ ከሆነ እርሱ ይንገር፣ ሌሎች ይስሙ።

የመክሊቱን ምሳሌ ለቁጠባ ትምህርት መጥቀስ የተለመደ ቢሆንም መምህሩ ቢጠነቀቅ መልካም ነው። ምሳሌው የተሰጠንን ጸጋ ሁሉ ይመለከታልና ስለ ባንክ ወለድ እንደ ተነገረ አድርጎ ማቅረብ ያሳንሰዋል። ይልቅስ በመቅደስ ሁለት ሳንቲም የጣለችው መበለት ለልጆች ትቀርባለች፤ የሰጠችው የራሷን ነበርና። በቅዳሴ ሰዓት መባ ሲሰበሰብ ወላጅ ለልጁ ሳንቲም በእጁ ያስይዘዋል፤ ይህ ጥሩ ልማድ ነው፤ ሆኖም መባው የወላጁ እንጂ የልጁ አይደለም። ከጣሳው በራሱ ፈቃድ አንድ ብር አውጥቶ የሚያመጣ ልጅ ግን የሰጠው ነገር ምን እንደሚያስቀርበት ያውቃል። ማስገደድ ግን ፈጽሞ አይገባም።

በቁምስናው ያሉ ከ12 ዓመት በላይ የሆኑ ልጆች ወላጆቻቸው ከተስማሙ ትንሽ ዕቁብ ቢሞክሩ ከብዙ ስብከት ይበልጣል። 10 ልጆች በየሳምንቱ 5 ብር ቢጥሉ በየሳምንቱ አንዱ 50 ብር ያገኛል፤ በ10 ሳምንትም ይጠናቀቃል። ዳኛና ጸሐፊ ከራሳቸው ይምረጡ፤ ዕጣውም በሁሉ ፊት ይውጣ። መጀመሪያ የደረሰው ልጅ በእርግጥ ከጓደኞቹ የተበደረ ነው፤ መጨረሻ የሚደርሰው ደግሞ የቆጠበ ነው። ይህን አስቀድሞ ያስረዷቸው፤ ምክንያቱም የዕቁብ ፈተና ያለው ገንዘቡን ከወሰዱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። በመካከሉ መጣል ያቃተው ልጅ ቢኖር መምህሩ ጉዳዩን በክፍሉ ፊት ሳያነሣ ከቤተሰቡ ጋር በግል ይነጋገር፤ ዕጣው ገና ያልደረሰው ከሆነ የጣለው ተቆጥሮ ይመለስለት፤ ደርሶት ከሆነ ደግሞ ቀሪውን በ5 ብር ፋንታ በ2 ብር እንዲጨርስ ልጆቹ ራሳቸው ተማክረው ይወስኑ።