የጦርነት ሕግ ይሠራልን?

የጦርነት ሕግ ሲባል ከመካከላችን የሚሥቅ አይጠፋም። ሰሞኑን በምግብ አዳራሽ በተነሣው ክርክር አንድ ጓደኛችን «ጅብን ጦም ያዝ ብሎ መምከር ነው» ቢል ብዙዎቻችን አጨበጨብንለት። ጭብጨባው ካለፈ በኋላ ግን ነገሩን በገዛ አገራችን ታሪክ ልንመረምረው ወደድን።

በጦርነት በመርዝ ጋዝ መጠቀምን የሚከለክለው የጄኔቭ ፕሮቶኮል በ1917 ዓ.ም. ተፈረመ። ኢጣልያ በ1920 ዓ.ም. አጸደቀችው፤ ኢትዮጵያም በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ገባችበት። እንግዲህ ሁለቱም በአንድ ሕግ የታሰሩ ነበሩ። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የኢጣልያ አይሮፕላኖች በተከዜ አካባቢ መርዙን አፈሰሱ፤ ታኅሣሥ 20 ቀን ደግሞ በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በቦምብ ተደበደበ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት ቢሉም፣ ማኅበሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ በኢጣልያ ላይ የነበረው ማዕቀብ እንዲነሣ ወሰነ።

እዚህ ላይ ጓደኛችን ረታ ማለት ነውን? ጥቂት እንታገሥ። ኢጣልያ ከሰጠቻቸው ምክንያቶች አንዱ «የተማረከ አይሮፕላን ነጂያችንን ስለ ገደሉ አጸፋ ነው» የሚል ነበር። ነጂው የሞተው በታኅሣሥ ወር ነው፤ ሙሶሊኒ ግን በጋዝ እንዲጠቀም ለግራዚያኒ በቴሌግራም የፈቀደለት አስቀድሞ በጥቅምት ነው። ሕጉ ከንቱ ወረቀት ከሆነ፣ ይህን ሁሉ ሰበብ መፈለግ ስለ ምን አስፈለገ?

የሚያሳዝነው ሌላ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፓ ኃያላን ብዙ ጋዝ አከማችተው ሳለ በጦር ሜዳ እርስ በርሳቸው አልተረጫጩም፤ አጸፋውን ፈሩ። እኛ የምናስፈራበት ጋዝ አልነበረንም። ስለዚህ ሕጉ በእኩዮች መካከል በፍርሃት ሲጠበቅ፣ ደካማው ዳኛ ያስፈልገዋል።

ዳኛውስ? ጀርመኖች በኑረምበርግ ለፍርድ ቀረቡ። የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሲዮን በ1940 ዓ.ም. ባዶልዮና ግራዚያኒ የሚከሰሱበት በቂ ማስረጃ አለ ቢልም፣ በኢትዮጵያ ስለ ሠሩት የተቀመጠላቸው ችሎት የለም። ግራዚያኒ በ1942 ዓ.ም. በአገሩ 19 ዓመት የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር ስለ ተባበረ ነው፤ እሱም በጥቂት ወራት ተፈታ። ዛሬ በሄግ ቋሚ የወንጀል ፍርድ ቤት አለ፤ የራሱ ፖሊስ ግን የለውም፤ ተከሳሹን አሳልፈው የሚሰጡት መንግሥታት ናቸው።

የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር በጋዝ መጠቀማቸውን ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው። ከእኛ ግማሾቹ ይህን ከስድሳ ዓመት በኋላ የመጣ ድል አሉት፤ ጓደኛችን ግን «ከተቃጠሉት ማን ቆየና ሰማው?» ብሎ ጠየቀ። ክርክሩም በዚሁ ተቋረጠ፤ የእራት ሰዓት አልቆ ነበርና።